ያልታጠበ፣ ያልተቀባ ዝግባ

ቡርሳ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ ዙሀራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? አናጢው ወዬሳ እንጨት ሲያወርድ አሁንም ይጮሁበታል ወይስ አላህ ለሁለታችሁም ሰላም ሰጥቷችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከብርዱ በቀር የሚጎድለኝ የለም። በስልክ ማውራት እንደማይወዱ ስለማውቅ እንደ ድሮው ደብዳቤ ጽፌያለሁ። እርስዎም በእጅዎ ጽፈው ገጹን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው። የገባሁበት ፋብሪካ ኤምዲኤፍ በሚባለው የእንጨት ዱቄት ጣውላ ላይ የሚለጠፍ፣ የእንጨትና የድንጋይ መልክ ያለው ወረቀት ያትማል። እናንተ ዘንድ ሰው ሁሉ ፎርማይካ የሚለው ዓይነት ነው። መልኩን በኮምፒውተር፣ በፎቶሾፕ የምንሠራው እኛ ነን። የቀጠሩኝ ለሙከራ ነው። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ከሥራዬ አንዱ እንኳ ለኅትመት ካላለፈ ያሰናብቱኛል፤ ከሥራው ጋር የመኖሪያ ፈቃዴም ያበቃል። እስካሁን አራት አቅርቤ አራቱም ወድቀዋል። አለቃዬ ስክሪኑን አየት ያደርግና «ይሄ እንጨት አይደለም፣ ምንጣፍ ነው» ብሎኝ ይሄዳል።

ከኢንተርኔት ፎቶ መውሰድ ክልክል ነው፤ የሰው ንብረት ስለሆነ ያስከስሳል። ስለዚህ ከእውነተኛ እንጨት የተነሣ የራሴ ፎቶ ያስፈልገኛል። እርስዎ ሠላሳ ዓመት የፈረሰ ቤት ዕቃ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ነዎት። አጠና ተራ ያለው ግቢዎ ውስጥ ያለውን አሮጌ ነገር እዚህ በዶላር ብፈልገው አላገኘውም። ሦስት ነገር ፎቶ ያንሡልኝ፦ ከጓሮ ያለውን የባሕር ዛፍ ቅርፊት፣ የግቢውን በር ዝገት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አባቴ ለራሱ ክፍል የሠራውን በር። ዝግባው ነው ዋናው።

አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

የወንድምዎ ልጅ ኢርፋን ዩሱፍ


ኮልፌ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኢርፋን፣

ወዓለይኩሙስ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤህ ደርሶኝ ዓይኔ በራ። አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ፣ የያዝከውን ያሳካልህ፣ የአለቃህንም ልብ ያራራልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፤ ሲፈልግ ይሄዳል ሲፈልግ ይቀመጣል። ወዬሳ ላይ መጮህ አላቆምኩም፣ ብተወው የሚታመም ይመስለኛል።

ዛፍ ፎቶ ያንሡ ያልከኝን ሰምቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዛፉ ብቻውን ቆሞ ሳየው ደስ አላለኝም። ሰው የሌለበት ፎቶ ለማን ይላካል? የጎረቤታችንን የሰዓድን ሴት ልጆች ጠርቼ ነጠላ ጫማቸውን አስቀይሬ አቆምኳቸው። ትልቋ ሻሽዋን ለማሰር ብቻ ግማሽ ሰዓት ወሰደች። ዛፉንም አስቀድሜ በጎማ ውሃ አሳጥቤዋለሁ፤ አቧራው ዝም ብሎ የሚታይ አልነበረም። ሰባት ፎቶ ልኬልሃለሁ። በአራተኛው ላይ እኔም አለሁበት፤ ከስቻለሁ እንዴ?

ሰዓድ ሰላም ብላሃለች። ብርድ ልብስ ደርብ።

አክስትህ ዙሀራ


ቡርሳ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ዙሀራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለ ፎቶዎቹ አላህ ይስጥልኝ። የሰዓድ ልጆች አድገዋል፣ ማሻአላህ። እርስዎም አልከሱም።

ግን አክስቴ፣ ዛፉ የት አለ? ሰባት ፎቶ ላይ ዛፉን ፈልጌ ያገኘሁት በሰዓድ ልጅ ትከሻ በኩል አንድ ጣት ያህል ነው። እሱም እርጥብ ነው። እርጥብ ቅርፊት ይጠቁራል፣ ያብረቀርቃል፤ የማየው ቅርፊቱን ሳይሆን ውሃውን ነው።

ምናልባት ሥራዬን በደንብ ስላላስረዳሁዎት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እንጨት በኮምፒውተር እንዲህ ይሠራል። ባዶ ቡናማ ገጽ እከፍታለሁ። በላዩ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ እበትናለሁ። ነጠብጣቡን ወደ ታች እስበዋለሁ፣ ተስቦ ተስቦ ቀጭን መስመር ይሆናል። መስመሩን እዚህም እዚያም ገፋ አድርጌ አጣምመዋለሁ፣ ትንሽ ጥላ አገባለታለሁ፣ ከዚያ እንጨት ይመስላል። ችግሩ መምሰል ላይ ብቻ መቅረቱ ነው። እኔ የማጣምመው ሁሉ እኩል ይጣመማል፣ እኔ የማሳሳው ሁሉ እኩል ይሳሳል። ዛፍ እንዲህ አያድግም። ዝናብ የጠገበበት ጊዜ አለ፣ የተጠማበት ጊዜ አለ፣ ነፋስ ያጎበጠው ጊዜ አለ። ያንን ከጭንቅላቴ ማውጣት አቃተኝ። ዓይቼ መቅዳት አለብኝ።

ስለዚህ እባክዎ፦ ሰው አይቁምበት። አይታጠብ። አይወልወል። የስልኩ መብራት አይብራ። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው፣ ስልኩን ፊት ለፊት ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ከአንድ ክንድ ርቀት ያንሡት። አስቀያሚነቱ ነው የሚፈለገው።

ዝገቱንና የአባቴን በር እጠብቃለሁ። በሩን በተለይ።

ኢርፋን


ኮልፌ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢርፋን፣

ሰላምና በረከት ላንተ ይሁን። ሳልጽፍልህ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

እንዳልከው ጠዋት ተነሥቼ፣ ፀሐይዋ ከጎን ስትመታ፣ የግቢውን በር ዝገት ላነሣ ስልኬን ይዤ ቆምኩ። ኢርፋን ሙት፣ እውነቴን ነው፣ ያንን በር በየቀኑ እየከፈትኩ እየዘጋሁ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ከታች ተበልቶ አልቋል። ከላይ ቀለሙ እንደ ቆዳ በሽታ ተነሥቷል። ይሄ ቱርክ ድረስ ሄዶ በፈረንጅ ስክሪን ላይ ሊወጣ ነው? «የዩሱፍ እህት በር ይሄ ነው» ሊባል ነው? ቆሼ አጥር ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ የለም። አፈርኩ። ወዬሳን ጠራሁትና በሽቦ ብሩሽ አስፈገፈግኩት፤ ዝገት የሚከላከል አንቲረስት ሁለት እጅ አስቀባሁት፣ ከላይ አረንጓዴ ቀለም ደረብንበት። አሁን ሰፈሩ ሁሉ እየቆመ ያየዋል። ፎቶውን ልኬልሃለሁ፤ መብራት አላበራሁም፣ ሰውም የለበትም፣ እንደ ትእዛዝህ።

ባሕር ዛፉንም ቅርፊቱ ተልጦ ተንጠልጥሎ ስለነበር ወዬሳ ልጦ ልጦ አጸዳው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ ሠላሳ ዓመት አሮጌውን አዲስ አስመስዬ ልጅ አሳደግኩ። አንተን ደግሞ አዲሱን አሮጌ አስመስል ብለው ደሞዝ ይከፍሉሃል። እንዲህም ያለ እንጀራ አለ?

ስለ በሩ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ረመዳንም ሊገባ ነው፤ አላህ ያድርሰን።

አክስትህ


ቡርሳ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም።

ዝገት ነው የጠየቅሁት፤ እርስዎ ዝገቱን አስፍቀው ቀለም አስቀብተው ላኩልኝ። ቅርፊት ጠየቅሁ፣ ቅርፊቱን አስልጠው የተላጠ ዛፍ ላኩልኝ። ወላሂ አሥር ጊዜ ጽፌ አሥር ጊዜ አጠፋሁት። አለቃዬ አምስተኛውንም ጣለው። የቀረኝ ሁለት ወር ነው፤ እርስዎ ግን ሰፈሩ እየቆመ ስለሚያየው አረንጓዴ በር ይጽፉልኛል።

ዝገቱ ይቅር። ዛፉም ይቅር። ሌላ ምንም አልፈልግም። የአባቴን በር ብቻ። የሆነውን እንደሆነ። ነገ ጠዋት ከጎኑ ቆመው አንድ ፎቶ ማንሳት ምን ያህል ከባድ ነው? ከመኝታ ቤትዎ ሃያ እርምጃ አይርቅም!

ኢርፋን


ኮልፌ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኢርፋን፣

ዒድ ሙባረክ። አላህ ፆማችንን ይቀበለን፣ ዓመት ከዓመት ያድርሰን። ብቻህን እንዳታፈጥር ሳስብ ነበር የከረምኩት፤ የሚያበላህ ሰው ነበር?

ዘገዩብኝ እንዳትል። ፆም ነበር፣ ራሴን አሞኝ ነበር፣ ስልኬም ወድቆ ተሰንጥቆ ነበር። ይኸው የበሩን ፎቶ ልኬልሃለሁ። ጠዋት ነው፣ ፀሐይዋ ከጎን ናት፣ ሰው የለበትም፣ አልታጠበም፣ አልተቀባም። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ምን ቀረህ?

ሥራህን አላህ ያቅናልህ። እኔን ደግሞ ስለ በር መጠየቅ ተወኝ።

ዙሀራ


ቡርሳ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ዙሀራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ለእርስዎም ዒድ ሙባረክ። የፋብሪካው ልጆች ጠርተውኛል፣ ብቻዬን አላፈጠርኩም።

ፎቶው እስካሁን ከላኩልኝ ሁሉ ምርጡ ነው። ብርሃኑ ልክ ነው፣ ቀጥ ብሏል፣ አቧራው እንኳ እንዳለ አለ። የአባቴ በር ግን አይደለም።

አክስቴ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ እንጨት ነው የማየው። የላኩልኝ ጥድ ነው። ጥድ ቀላ ይላል፣ ቅርንጫፍ በወጣበት ሁሉ ጉጥ አለው። በዚህ ፎቶ ላይ ብቻ አሥራ አንድ ጉጥ ቆጥሬያለሁ። አባቴ የሠራው በር ዝግባ ነው፤ ፈዘዝ ያለ ነው፣ ጉጥ የሚባል የለውም። ኩፍኝ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ፊት ለፊቱ ተኝቻለሁ፤ ሌላው ቢጠፋኝ እሱ አይጠፋኝም። ያን በር አጥብቄ የምፈልገውም ስለናፈቀኝ ብቻ አይደለም። ጉጥ የበዛበትን እንጨት ማስመሰል ቀላል ነው፤ ሰው ጉጡን አይቶ ይሸወዳል። ዝግባ ግን ልሙጥ ነው፣ መደበቂያ የለውም። እሱን መሥራት የቻለ ሰው ሁሉን ይሠራል ይላል አለቃዬ።

አሁን በአላህ ይሁንብዎ፣ ይንገሩኝ። የአባቴ በር የት ነው?

ኢርፋን


ኮልፌ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢርፋን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። አሥር ቀን ሙሉ ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን በአንድ ትንፋሽ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

በሩን ሸጬዋለሁ።

እንዲህ ነው የሆነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የበሩ እግር ከርጥበት በስብሶ አየሁት። ወዬሳ እግሩን እንዲቀጽልበት አስነቀልኩትና አጥሩ ላይ አስደገፍኩት። አጥሩ ላይ ደግሞ የሚሸጡት በሮች ተደርድረው ነበር። ያን ዕለት ከዓለም ባንክ ሰፈር ወልደ አማኑኤል የሚባል ሰው መጣ። በሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ አንኳኳ። የዩሱፍን በር ሲያንኳኳ ቆም አለና ዋጋ ጠራ። እኔ ደግሞ ዞር ሳልል፣ ሳላስብ፣ ከፍ አድርጌ መለስኩለት። ጨመረ። ቀነስኩ። «ይሁን፣ አላህ ይባርክልህ» አልኩ። ኢርፋን፣ የሸጠው አፌ ነው። ሠላሳ ዓመት ሰው ዋጋ ሲጠራብኝ ዝም ብዬ አላውቅም። አጥር ላይ የተደገፈ ነገር ሁሉ ለእኔ ዕቃ ነው። ፒካፑ ላይ ተጭኖ ከግቢ ከወጣ በኋላ ወዬሳ «እትዬ ዙሀራ፣ ያ የጋሼ ዩሱፍ በር አልነበረም እንዴ?» አለኝ። መጋዙን ይዞ የሚቀጽለውን በር ፍለጋ መጥቶ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ያንተ የመጀመሪያ ደብዳቤ ሲመጣ በሩ ከሄደ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። ምን ብዬ ልጻፍልህ? ስለ ዛፍ ስትጠይቀኝ ደስ አለኝ፣ ዛፉ አለና። የሰዓድን ልጆች ያስለበስኩት ያንተን ዓይን ከበሩ ለማራቅ እንደሆነ አሁን አሁን ነው የገባኝ። የጥዱንም በር የላክሁት አውቄ ነው። ወንድሜን አፈር ካለበስኩ አራት ዓመቴ ነው፤ እጁ የነካው የቀረ አንድ ነገር እሱ ነበር። እሱንም ተከራክሬ ሸጥኩት።

ብትቆጣ አልፈርድብህም።

ዙሀራ


ቡርሳ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

ከመሸጡ ይልቅ ያናደደኝ ሁለት ወር ሙሉ መዋሸትዎ ነው። በየካቲት ነግረውኝ ቢሆን ሌላ እንጨት ፈልጌ ሌላ ነገር ሠርቼ ነበር። አሁን ሃያ ሦስት ቀን ነው የቀረኝ። እንዴት ይሸጡታል? እኔ ሻንጣዬን ማዘጋጀት ይሻለኛል። ምላሽ አይጻፉልኝ።

ኢርፋን


ኮልፌ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማይታዘዘው ለወንድሜ ልጅ፣

ምላሽ አይጻፉ ብለህ የምታዘኝ አንተ ማነህና? አሳድጌሃለሁ። አሰላሙ ዓለይኩም።

ሰውየው ሌላ በር ሲመጣ ጥሪኝ ብሎ ስልኩን ትቶልኝ ነበርና ደወልኩ። ከጦር ኃይሎች ዓለም ባንክ ታክሲ ያዝኩ፤ ረዳቱ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ ጠቅጥቆኝ ጉልበቴ ከዚያ ወዲህ ልክ አልመጣም። ወልደ አማኑኤል በክብር ተቀበለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ደግ ባይሆን ይሻለኝ ነበር፣ እጮህበት ነበር። በሩን ግን ምግብ ጠረጴዛ አድርጎታል። እግሩ የበሰበሰውን ቆርጦ ጥሎ፣ አራት እግር ገጥሞለት ሳሎን መሃል አቁሞታል። አንተ ልጅ፣ በላዩ ላይ ምን እንደለጠፈበት ታውቃለህ? ፎርማይካ! የእንጨት መልክ ያለው ፎርማይካ! ዝግባውን በእንጨት ስዕል ሸፍኖታል። «ለምን?» ስለው ትክ ብሎ አየኝና «አሮጌው ደስ አይልም፤ ይሄኛው ንጹሕ ነው፣ ከቱርክ የመጣ ነው እትዬ» ብሎ እጁን አሻሸበት። ስዕሉ ላይ አንድ ጉጥ አለ፤ ከዳር እስከ ዳር አምስት ቦታ ላይ ያው ጉጥ ነው ቁጭ ያለው። እኔ ማንበብ እንጂ ፎቶሾፕ አልተማርኩም፤ ለእኔ እንኳ ታየኝ።

ይነሣልኝ ብዬ ለመንኩ። ኮላው እንዳይነሣ ሆኖ ደርቋል፣ ሚስቱም ለምዳዋለች። ልሄድ ስነሣ ስልኬ ወደቀና ላነሣ ጎንበስ አልኩ። ከታች በኩል አልተሸፈነም! ከታች እንዳለ ነው፣ ዝግባው ራሱ ነው፣ ዩሱፍ የላገው። ጫማዬን አወለቅሁና በስልሳ ሁለት ዓመቴ በጀርባዬ ተኝቼ የሰው ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ወልደ አማኑኤል «ምነው እትዬ፣ ምነው» እያለ ይዞረኛል። ሚስቱን ፋሲካን የእሷን ስልክ መብራት ከጎን እንድትይዝልኝ አዘዝኳት፤ «ከፊት አይደለም፣ ከጎን! ዝቅ!» ብዬ ጮህኩባት፤ ወዬሳ መሰለችኝ። ሃያ ሁለት ፎቶ አንስቻለሁ። አላጠብኩትም፣ አልወለወልኩትም፣ ሰው አላቆምኩበትም፤ የሸረሪት ድሩን እንኳ አልነካሁም።

ወደ መቀርቀሪያው በኩል አንድ ጥቁር ነገር ታገኛለህ። ቆሻሻ እንዳይመስልህ። ዩሱፍ ሁልጊዜ በሩን የሚገፋው በመዳፉ ነበር፣ እጀታውን አይዝም። እጁ ዘይትና መጋዝ ብናኝ ስለማይለየው እዚያ ቦታ ላይ ሠላሳ ዓመት ጠቁሯል። አራት ጣት ይታያል። እዚያው ጠረጴዛው ሥር አለቀስኩ። ፋሲካ ወገቤ የተያዘ መስሏት ውሃ አመጣች።

ሻንጣህን ፍታና ሥራ።

አክስትህ ዙሀራ


ቡርሳ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለዙሀራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ሐኪም ዘንድ ሄዱ? መጀመሪያ ስለ ክፉ አነጋገሬ ይቅርታ ይደረግልኝ። ለእርስዎ እንዲያ መጻፍ አልነበረብኝም።

ወልደ አማኑኤል የለጠፈው የእኛ ፋብሪካ ሥራ አይደለም፤ መዝገቡን አገላብጬ አይቻለሁ። የእኛ ቢሆን ምን እንደምል አላውቅም።

ፎቶዎቹ ሁሉም ደርሰውኛል፤ ሁሉም ይሠራሉ። አሥራ አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሠራሁባቸው። ነጠብጣብ መበተን፣ መስመር መሳብ ሁሉ ቀረ። መስመሩን ከበሩ ላይ እየተከተልኩ አንድ በአንድ አወጣሁት። የሚገርመው፣ ልሙጥ ነው ስለው የነበረው ዝግባ ልሙጥ አይደለም። መስመሩ ከሥር እየወፈረ፣ ወደ መሃል ሲደርስ እየሳሳ፣ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ይመለሳል። አባቴ ሲልገው ያ ቦታ ላይ እጁ ከበድ ብሎ እንደነበርም ይታያል። ሚያዝያ 28 አቀረብኩት። አለቃዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለእኔ ሥራ ተቀምጦ አያውቅም። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አስኬደ፤ «ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። የአባቴ በር ነው አልኩት።

ከዚያ ጥቁሩን አየው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ፣ አባቱ የሞተበት ሰው ነው፣ ገባው። «ይህን ግን አጥፋው» አለኝ፤ «ገዢው ቆሻሻ ይመስለዋል። የማጠፊያውንም ምስማር ቀዳዳዎች አጥፋ። እስከ ስምንት ሰዓት ከደረሰ ዛሬ ወደ ኅትመት ይገባል።»

አምስት ሰዓት ከሩብ ነበር። እጄን የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ አድርጌ ግማሽ ሰዓት ያህል ጥቁሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚያ አጠፋሁት። ከአጠገቡ ንጹሕ እንጨት እየቀዳሁ በላዩ አለበስኩት። መጀመሪያ ጣቶቹ ሄዱ፣ ከዚያ መዳፉ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ጨረስኩ። ተቀበሉት። ኮንትራቱ ለሁለት ዓመት ተፈርሟል፣ የመኖሪያ ፈቃዴም ታድሷል።

የላኩልኝ ፎቶ እጄ ላይ አለ፤ አልጠፋም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ልከፍተው አልቻልኩም። ለሰው አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ብቻ ነው የምጽፈው። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

ኢርፋን


ኮልፌ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኢርፋን፣

ወዓለይኩሙስ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ማብሩክ። አላህ እንጀራህን ያስፋልህ፣ ከሰው ፊት አያሳፍርህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። አንተ ዘንድ ነበር የቀረው ያ እጅ፤ ለእሱ ብዬ ነው የሰው ጠረጴዛ ሥር የተኛሁት። እንዴት ትደፍራለህ? ወዬሳን ያለ ጥፋቱ ጮህኩበት። ሰዓድ መጥታ ምን ሆንሽ አለችኝ፤ ጉልበቴን ነው አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ አነበብኩት። ያን ጊዜ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። አለቃህም እንደ ወልደ አማኑኤል በሩን አንኳኳ፣ ወደደው፣ ዋጋ ጠራ። አንተም ግማሽ ሰዓት ተቀመጥክና ሰጠኸው። ሸጥከው ማለት ነው ኢርፋን። በሌላ ቃል ብንለው ሁለታችንም እናፍራለንና እንደሱ ብለን እንተወው። ለነገሩ አንተ ከእኔ ትሻላለህ፤ አንተ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሰብክበት። እኔ ለማሰብ ዞርም አላልኩ።

ስለዚህ «እንዴት ሸጡት» የሚል ደብዳቤ ከእንግዲህ አንተም አትጻፍልኝ፣ እኔም አልጽፍልህም። ፎቶውንም አትፍራው፣ ክፈተው፤ አንተ ካልከፈትከው ማን ሊያየው ነው? ዩሱፍ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሕይወት ቢኖር ሁለታችንንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር የሚቆጣን። መጀመሪያ እኔን፣ ታላቅ እህቱ ነኝና። ከዚያ ወደ አንተ ይዞር ነበር። ኮንትራቱ ለሁለት ዓመት ነው ስትለው ግን ቁጣውን እንደማይጨርሰው አውቃለሁ፤ መሃል ላይ «ምሳ በልተሃል?» ይልህ ነበር።

ምሳ በልተሃል?

አክስትህ ዙሀራ